«አርፈዋል» የሚሉት ቃል

እኔ ኤርሲዶ ነኝ። በጋምቤላ ከተማ ይህን ስም የማያውቅ ካለ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው፣ ወይ ጆሮው የተደፈነ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ዲፕሎማ የሚባለውን የማውቀው በሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው። ነገር ግን አራት ቋንቋ እናገራለሁ፤ በአራቱም እሰብካለሁ፣ በአራቱም እቆጣለሁ። ከምባትኛን እናቴ ሰጠችኝ። አማርኛን፣ አኙዋክኛንና ኑዌርኛን ማንም አልሰጠኝም፤ ራሴ ሄጄ ወሰድኳቸው። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር በሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ሌላው ሰው ስኳሩን ሲልስ እኔ ወረቀቱን አነብ ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች ማመልከቻ ጽፈው «ጋሼ፣ እስኪ አንዴ ይመልከቱልን» እያሉ በሬን ያንኳኳሉ። እመለከትላቸዋለሁ። ስሕተታቸውንም በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበታለሁ፤ ቀዩ ቀለም ሲያልቅብኝ አይቻለሁ እንጂ ስሕተታቸው ሲያልቅ አላየሁም።

ይህን የምጽፈው ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ጠየቀችኝ ነው። ሽማግሌዎቹ «የአንጋፋው ወንጌላዊ የክብር ስንብት» የሚል ዝግጅት ሊያደርጉልኝ፣ ለዝግጅቱም መጽሔት ሊያሳትሙ ነው። ሰብሳቢያቸው አቶ መስፍን ቤቴ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ አንድ ሁለት ገጽ የድሮ ትዝታ ይጻፉልን፤ ጣፋጭ ጣፋጩን» አለኝ። ጣፋጭ የፈለገ ገበያ ወጥቶ ማንጎ ይግዛ። እኔ የምጽፈው የሆነውን ነው። ደግሞስ ስንብት ማን ጠየቀ? ሆዴን ቀድደው ከሰፉኝ ወዲህ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በር ስገባ ክንዴን ይይዙኛል፤ ሳስነጥስ ይደነግጣሉ። ድኛለሁ እያልኳቸው እኮ ነው! የዳነን ሰው መሰናበት የየት አገር ወግ ነው? እኔ መሰናበት የነበረብኝን ሰው ግን ሳልሰናበተው አስቀሩኝ። ቁጣዬ እሱ ነው። መጽሔታቸው ይህን አላትምም ካለ ይቅር፤ እኔ ጽፌዋለሁ።

መርዶ ነጋሪ ነበርኩ። በሰፈራ ከመጣንበት ዘመን ጀምሮ በዚህ ከተማ ደገኛ ቤት የገባ ከባድ መርዶ አብዛኛው በእኔ አፍ የገባ ነው። ከአገር ቤት «እገሌ የለም፤ ለወንድሙ በእናንተ በኩል ይነገር» የሚል መልእክት ሲመጣ የሚጠራው ቄሱ አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ። ሙያ ነው፤ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጎህ ሲቀድ ነው የሚኬደው፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ አንዱ ለፍላፊ መንገድ ላይ ሳያስደነግጠው። አንድ ጠንካራ ሰው ከኋላው ይቆማል፣ ሲወድቅ እንዲይዘው። ብርጭቆና ቢላ ከአጠገቡ ይነሣል። በሽተኛ ከሆነ ደግሞ እስኪያገግም አይነገረውም። ደንቡ ይህ ነው። እኔ ደንቡን ከማንም የበለጠ ስለማውቅ ድንበሩንም አውቃለሁ፤ ማቆየት ሌላ፣ መዋሸት ሌላ። እኔ አቆይቻለሁ። የሞተን ሰው «ሰላም ብሎሃል» ብዬ ግን አላውቅም።

ሳልሰናበተው የቀረሁት ሰው ኡቻላ ነው። አኙዋክ፣ የኢታንግ ሰው፣ መጀመሪያ ዓሣ አጥማጅ፣ በኋላ ወንጌላዊ፣ የዕድሜ ልክ ባልደረባዬ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ሞቷል፤ ስመለስም አላውቅም ነበር። በመጣሁ በማግስቱ፣ ልጄ ታምራት «አባዬ፣ በባጃጅ ካልሆነ አይሆንም» እያለ ሲጨቀጭቀኝ፣ በእግሬ ወደ ከተማው መሃል ወረድኩ። ገበያው ጋ ስደርስ የጭስ አምባዛ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ይህ ሽታ ለሌላው ዓሣ ነው፤ ለእኔ ኡቻላ ነው። ሻጮቹን «ኡቻላ ሰሞኑን ወደዚህ ወርዷል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ገና ገዢ ሳይመጣላት ዓሣዋን በላስቲክ መሸፈን ጀመረች። እኔ ግን ያ ሽታ ይዞኝ ሄዶ ነበርና ልብ አላልኩም።

ኡቻላን መጀመሪያ ያየሁት በዚያ ሽታ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ዓሣ የሚሸጠው ወደ ባሮ ቀረብ ብሎ፣ ድሮ መርከብ ይታሰርበት ነበር ከሚባለው ዳርቻ በላይ፣ በማንጎዎቹ ሥር ነበር። በአንድ ብር ክንድ የሚያህል አምባዛ ይገዛል። በሃምሳ ሳንቲም ቅርጫት ሙሉ ማንጎ ይገዛና ሻጯ በላዩ ላይ ትመርቃለች። ዛሬ በአንድ ብር ባዶ ፌስታል አይሰጡህም። እኛ ከሰፈራ ጣቢያ የወጣን ደገኞች ዓሣ መብላት አናውቅም፤ እሾሁን ከነሥጋው ስንውጥና ስናንቅ ገበያው በሙሉ ይስቅብን ነበር። ኡቻላ አልሳቀም። አዝራር የሌለው ካኪ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሸሚዙን ወገቡ ላይ በመረብ ገመድ አስሮታል። መጥቶ ከፊቴ ቁጢጥ አለና እሾሁን በሁለት ጣቱ መዝዞ አሳየኝ። ከዚያ ዓሣውን ነክቶ በቋንቋው ስሙን ነገረኝ። እኔም ነክቼ «ዓሣ» አልኩት። ውሃውን ነካ፤ ነገረኝ። ነገርኩት። ቋንቋ የተማማርነው እንዲህ ነው፤ አንድ ቃል ሰጥቶ አንድ ቃል በመቀበል። እኔ የሱን ቋንቋ፣ እሱ የኔን ከመማሩ ቀድሜ ተማርኩ፤ ይህን እሱም አልካደም። «ያንተ አፍ ሌላ ሥራ ስለሌለው ነው» ይል ነበር እንጂ።

ጸሎት ቤቶች ታሽገው ሰው በሹክሹክታ የሚጸልይበት ዘመን ነበር። የፖለቲካውን የሚያውቅ ይጻፈው፤ እኔ የማስታውሰው ታንኳውን ነው። ኡቻላ ይቀዝፋል። እኔ መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልዬ ሸሚዜ ውስጥ ይዣለሁ፤ ዳር ለቆሙት ጠባቂዎች ዓሣ አጥማጆች እንመስላቸዋለን። መዝሙር ሲያምረን በቀዛፊዎች ዜማ ላይ ቃሉን ለውጠን እናዜማለን፤ ከዳር የሚሰማን «መቅዘፍ ከብዷቸው ነው» ይላል። ዛሬ መዘምራኑ በኪቦርድና በድምፅ ማጉያ የሚያስጮኹት መዝሙር ያ ነው። ማን አወጣው ብትላቸው «ባህላዊ ነው» ይሉሃል። ባህላዊ! ባህሉ እኔና ኡቻላ ነን። ልብሳችንስ? ለሁለት አንገት አንድ ከረባት ነበረችን፤ ከሰልባጅ የተገዛች፣ ቀይ፣ ጫፏ አይጥ የቀመሳት። የሚሰብከው ያስራታል፤ የሚተረጉመው አንገቱን ከፍቶ ይቆማል። ሰባኪ ሲቀየር ከረባቷም አንገት ትቀይራለች፤ ምእመኑም ያን ጊዜ ይስቃል፣ ከዚያ ይጸልያል። የአሁኖቹ አገልጋዮች በዚህ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሰው እንደ ቅቤ ይቀልጣሉ፤ ትርጉም ካስፈለጋቸው ግን አሁንም እኔን ነው የሚጠሩት።

ኡቻላ ከአማርኛ ቃል ሁሉ የተጣላው ከአንድ ጋር ብቻ ነው። ለተከበረ ሰው «ሞተ» ማለት ነውር ነው፣ «አረፈ» ይባላል ብዬ አስተማርኩት። ልጁን አጁሉንም ገና ትንሽ ሳለች እንዲሁ አስተማርኳት፤ እሷ ተቀበለች። አባቷ ግን ሰው በተሰበሰበበት ያዘኝ።

«ኤርሲዶ፣ ከቀዘፋ ተመልሼ ጋደም ስል ምን አደረግሁ?»

«አረፍክ።»

«ስሞትስ?»

«አረፍክ።»

«ታዲያ አሪየት እራት ታቅርብልኝ ወይስ ታልቅስልኝ?»

አሪየት ሚስቱ ናት። የትምባሆ ጋያዋን ከአፏ አውጥታ ሳቀች፤ ሰፈሩም አብሮ ሳቀብኝ። አማርኛ ሰፊ ቋንቋ ነው፣ ቦታው ይለየዋል ብዬ መለስኩ። መልሴ ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው።

ባለቤቴ ዘነበች በወባ የሞተች ጊዜ እኔ ከባሮ ማዶ መንደር ለመንደር ስሰብክ ነበር። ሽማግሌዎቹ «እስኪመለስ ይቆይ፣ ጠዋት እንነግረዋለን» ብለው ወሰኑ። ኡቻላ ታንኳውን ፈታና በጠራራ ፀሐይ መጣ። እኔ ከልጆች ጋር እየቀለድኩ ነበር። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠና «ዘነበች ሞተች» አለኝ። ከኋላ የሚይዘኝ አልነበረም፤ እሱ ከፊት ያዘኝ። ብዙ ጊዜ ቆይቼ «ለምን አላቆየህም?» ስለው፣ «ትስቅ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሲስቅ ዝም ብዬ ባይህ የሰደብኩህ እኔ ነኝ» አለኝ። ዘነበችን ስንቀብር እኔ ድምፄ ተዘጋ፤ በእናቷ ቋንቋ በከምባትኛ ሁለት ቃል ብሎ የሚሸኛት ጠፋ። ኡቻላ ይህን አይቶ ዝም አላለም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከምባትኛ አስተምረኝ አለ። ቃል ተገባባን፤ ማንኛችንም ቀድመን ብንሞት የቀረው በሟቹ እናት ቋንቋ ይሸኘዋል። እሱ እኔን በከምባትኛ፣ እኔ እሱን በአኙዋክኛ። በዚህ አገር ላይ እንዲህ ያለ ውል የተዋዋሉ ሌሎች ሁለት ሰዎች ካሉ አምጡልኝ።

ባለፈው ክረምት ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር ተገኘ፤ መርዙ ወደ ደሜ ገብቷል ተባለና አዲስ አበባ ውሰዱት ተባለ። ኡቻላም በዚያው ሰሞን ጉበቱን ታሞ ሆዱ ተነፍቶ ነበር። ቢሆንም ከኢታንግ ድረስ መጥቶ ደረሰብኝ፤ እኔ አምቡላንስ ውስጥ ተጋድሜአለሁ፣ እሱ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ማን ይቅደም?» አለኝ።

«አንተ ታላቅ ነህ፤ እኔ ወረፋ አልጋፋም።»

«እናንተ ደገኞች ለዳቦም ለስኳርም ስትጋፉ ኖራችሁ፣ ዛሬ ጨዋ ሆንክ?»

ሳቅን፤ ሳቁ ሁለታችንንም አሳመመን። «ከምባትኛዬን እያጠናሁ ነው» አለ። «ስሕተት ካለበት ከሳጥኑ ውስጥ ተነሥቼ ነው የማርምህ» አልኩት። ሾፌሩ በሩን ዘጋ። እኔ ያን ስንብት ነው ብዬ አልቆጠርኩትም። ተመልሼ እንደምመጣ አውቅ ነበር፤ መጥቻለሁም።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆኖ ሳለ ቁስሉ አመረቀዘና አልጋ ላይ ቆየሁ። ሐኪሞቹ ይህ ሽማግሌ አይተርፍም ብለው ነበር፤ ተረፍኩ። መጀመሪያ ሰሞን ከኡቻላ ጋር በስልክ እናወራ ነበር። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ሕመሙ ሲነቀንቀኝ ያድራል» ይለኛል። የማስበው ያን ብቻ ነበር፤ ምነው ትንሽ ቢተኛ። ከዚያ ስልኬ ከታምራት ኪስ አልወጣ አለ። «ኢታንግ ኔትወርክ የለም፣ አባዬ።» «ነገ እንሞክራለን፣ አባዬ።» አንድ ከሰዓት መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ ስልኩን ትራሴ ላይ ረሳው። ጠራ። የኡቻላ ልጅ አጁሉ ናት፤ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አስተርጓሚ ሆና የምትሠራው፣ አማርኛዋን ከእኔ የተማረችው።

«ጋሼ፣ አባባ አርፈዋል» አለችኝ።

«እሰይ!» አልኩ። «ተመስገን! በጣም ጥሩ ነው። ይረፍ እንጂ! ማንም እንዳይቀሰቅሰው በይልኝ።»

ዝም አለች። ከኋላዋ ብዙ ሰው ይሰማ ነበር፤ እሱም ዝም አለ። «አጁሉ፣ ሰማሽኝ?» አልኩ። መስመሩ ተቋረጠ።

ያን ቀን ሾርባዬን እስከ መጨረሻው ጠጣሁ። ነርሷ «ዛሬ ምን ተገኘ?» ብትለኝ «ወዳጄ እንቅልፍ ወሰደው» አልኳት። ታምራት ሲመለስም ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከአንድ እጁ ወደ ሌላ እጁ እያዛወረ «ጥሩ ነው አባዬ» አለኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ «አባባ ኡቻላ ሰላም ብለውሃል» አለኝ። ሰላም ብለውሃል! ከመቃብር!

እንግዲህ ከገበያ በተመለስኩ በማግስቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ባጃጆች በሬ ላይ ቆሙ። በመስኮት አየሁ፤ ሽማግሌዎቹ ነጠላ አጣፍተው ይወርዳሉ። ታምራት ገብቶ ምንም ሳይለኝ የውሃ ብርጭቆዬን ከጠረጴዛው አነሣ። በቃ፤ መርዶ መሆኑን አወቅሁ። አንድ ወጣት አገልጋይ በጓሮ በር ዞሮ ከወንበሬ ኋላ ቆመ።

«አንተ፣ ከኋላዬ ዞር በል!» አልኩት። «ይህን ዘዴ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ።»

«ጋሼ ይረጋጉ» አለ አቶ መስፍን። «እስኪ በመጀመሪያ እንጸልይና...»

«ጸሎቱ ይቆይ። ማን ነው?»

«ያው ሁላችንም በዚህ ምድር ላይ እንግዶች...»

«መስፍን! ስም ጥራ!»

«ወንጌላዊ ኡቻላ ናቸው። አርፈዋል።»

ቃሉ በጆሮዬ ገብቶ ሆስፒታል አልጋዬ ላይ መልሶ ጣለኝ። አርፈዋል። እሰይ። ተመስገን። ማንም እንዳይቀሰቅሰው። ብድግ ስል ያ ልጅ ከኋላ ያዘኝ። ሰው ሁሉ ሊወድቅ ነው ብሎ አወራ፤ ውሸት ነው። መስፍንን ልመታው ነው የተነሣሁት። ይህንንም በመጽሔታቸው ላይ ያትሙልኝ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ታምራት በሩ ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር።

«ሐኪሙ እንዳይደነግጥ አለን፣ አባዬ።»

«ሐኪሙ የተማረው ስለ ሐሞት ነው!»

«ብትሞትብኝስ? ምን ላድርግ?»

«ብሞት ከኡቻላ ጋር እገናኝ ነበር። አንተ ከቁሙም ከሞቱም አስቀረኸኝ። እሱስ? እሱን ምን እያላችሁ ነው ያቆያችሁት?»

ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ «በስልክ፣ በዚህ ሳምንት ይመጣል እንላቸው ነበር» አለ። «ዳር ዳሩን ይጠይቁን ነበር፤ አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ ብለው...» ከዚህ በላይ እንዲናገር አልፈቀድኩለትም። እኔን በውሸት አስተኙኝ፤ እሱን በውሸት በር ላይ አስቀመጡት። ልጄን እወደዋለሁ። ይህን ግን እስካሁን አልተውኩለትም፤ ሲሻለኝ እተውለታለሁ ብዬ ነበር፣ ይኸው ተሽሎኛል፣ አልቻልኩም።

በሳምንቱ ስፌቴን በመቀነት አጥብቄ ኢታንግ ሄድኩ። ድሮ ይህን መንገድ ክረምት ላይ ጫማችንን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን፣ ጭቃው ጉልበታችን እየደረሰ፣ እየዘመርን እንሄደው ነበር፤ ሲመሽብን ያልታወቀ ሰው ቤት ገብተን በቆሎ እንበላለን። አሁን ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ ይሄዳል፤ የእርዳታ መኪኖች አቧራ አልብሰውህ ያልፋሉ። ከዋናው መንገድ ስወርድ ሰላምታ የነፈጉኝ ሰዎች አጋጠሙኝ። በዚያ መንደር፣ እኔን! ያጠመቅኋቸው፣ ያጋባኋቸው ሰዎች ዞር ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። አሪየት ጎጆዋ ጥላ ሥር ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች፤ ጋያዋ ይንጎራጎራል። በቋንቋዋ ሰላም አልኳት።

«ቀስ በል» አለችኝ ሳትዞር። «የተኛ ሰው አለ። እንዳትቀሰቅሰው።»

ከቀዶ ጥገናው ቢላ ይልቅ ይህ ቆረጠኝ።

«አሪየት፣ እኔ መሞቱን አልሰማሁም!»

«ልጄ ነገረችህ። ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ድምፅህን እንዲሰማ ስልኩን ከፍ አድርጋው ነበር። ኤርሲዶ ሊያለቅስልን ነው ብለን ሴቶቹን ዝም አሰኘናቸው። አንተ እሰይ አልክ። ጥሩ ነው አልክ።»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለካ ያ ዝምታ የለቅሶ ቤት ዝምታ ነበር። ቆሜ አስረዳኋት። ደገኛ እንዴት መርዶ እንደሚደብቅ፣ ልጄ ስልኬን እንዴት እንደያዘ፣ ኡቻላ እንቅልፍ አጣሁ ይለኝ እንደነበር፣ አማርኛው እንዴት ሁለት ፊት እንዳለው። ጋያዋን አወረደችና ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከስታለች።

«ተጋደመም ሞተም በአንድ ቃል ነው የምትሉት?»

«አዎ።»

«ሞትን ከእንቅልፍ የማይለይ ቋንቋ ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመን ልጆቻችንን ስትቆጣ ያስተማርካቸው?»

መልስ ነበረኝ። ሐዘንተኛ ናት ብዬ ተውኩት። አጁሉ ከጎጆው ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ነውር እንዳይሆን ብዬ ነው» አለችኝ በአማርኛ። «ሞቱ ብል ይቆጡኛል ብዬ ነው። ከዚያ እሰይ ሲሉኝ... እኔ ለእናቴ ምን ብዬ ልተርጉምላት?»

«በትክክል ነው የተናገርሽው» አልኳት። «ቃልሽ እንከን አይወጣለትም። የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

አሪየት እጇን ወደ ቤቱ ጀርባ ዘረጋች። «ለእኔ አትንገረኝ» አለች። «ሲጠብቅህ የነበረው እሱ ነው። እዚያ ነው ያለው፤ ሄደህ ለራሱ ንገረው።»

ከማንጎ ዛፉ ሥር የመቃብሩ አፈር ገና አልጠነከረም ነበር። ቆምኩና በአኙዋክኛ ነገርኩት። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ያማረ፣ ምሳሌ ያለበት፤ አንዱንም አልተጠቀምኩበትም። ተቆጣሁ። ማን ምን እንደዋሸን በየስማቸው እየጠራሁ ነገርኩት። አልጋህን ወደ በር አዙረህ ስትጠብቀኝ እኔ ሾርባ እየጠጣሁ ስለ እንቅልፍህ ደስ ይለኝ ነበር አልኩት። ድምፄ ዶሮዎቹን አባረረ፤ ጎረቤቱ ወጥቶ አየኝ፤ ሰላምታ የነፈጉኝም ቀስ በቀስ ቀረቡ። በቋንቋው ለሞት የሚሸፍን ቃል አልፈለግሁም። ሞተሃል አልኩት። ያን ጊዜ የማንጎውን ግንድ ያዝኩ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም። አሪየት በርጩማ ይዛ መጣችና አጠገቤ አስቀመጠች። «ቁጭ ብለህ ተቆጣ» አለችኝ። ተቀምጬ እስክጨርስ ተቆጣሁ፤ እሷም አጠገቤ መሬት ላይ ሆና፣ ያጎደልኩትን ስም እያስታወሰችኝ፣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

አቶ መስፍን «በመጨረሻው ላይ ያከናወኑትን ይዘርዝሩ» ብሎኛል። እሺ። ያለ አስተማሪ ማንበብ ተምሬአለሁ። በአራት ሕዝብ ቋንቋ ሰብኬአለሁ፤ ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ በቢሮውም በካምፑም ያስተረጉማሉ። ማንም የኔ ነው የማይለው መዝሙር የኔና የኡቻላ ነው። ጸሎት ቤት በሣር ከድኜአለሁ፣ በቆርቆሮም አስከድኜአለሁ፤ ሣሩ ይሻል ነበር፣ ዝናብ ሲዘንብ ስብከት ያሰማል። ከማልተርፍበት በሽታ ተርፌአለሁ። መስፍንን ከጉባኤው ፊት አቁሜ «ኡቻላ ሞተ፣ እኛም ዋሸን» አሰኝቼዋለሁ፤ ላቡን እየጠረገ ነው ያለው፣ ግን ብሏል። የስንብቱን ዝግጅት ሰርዤዋለሁ፤ የታዘዘውን ምግብ ለሕመምተኞች ይውሰዱት። ወዳጄን ዘግይቼም ቢሆን በእናቱ ቋንቋ ሸኝቼዋለሁ። ያልጨረስኩት አንድ ብቻ ነው። አጁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከትየርኪዲ ስትመለስ ቤቴ ጎራ ትላለች፤ አባቷ የጀመረውን ከምባትኛ እኔ እያስተማርኳት ነው። ድምፁን ከጉሮሮዋ ማውጣት ገና አልቻለችም፤ የጻፍኩላትን ስታነብ ጣቢያ እንደጠፋበት ሬዲዮ ትንቀጫቀጫለች። «ጋሼ፣ ይህቺ ድምፅ ብቻ ብትቀርስ?» ትለኛለች። አትቀርም። ይህ የኔ መሸኛ ነው፣ ተበላሽቶ አይነበብም። አስተካክላ እስክትለው ድረስ እኔ የትም አልሄድም።